ጨርቅ ማንጠፍ ጥገና አይደለም

ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሥር ጨርቅ የተነጠፈበት ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ምናልባትም የራሳችሁ ቤት ነው። ጨርቁ የድሮ ፎጣ ይሆናል፤ አለዚያም ያረጀ ቲሸርት፣ አንዳንዴ የልጅ አንሶላ። ማሽኑ በሠራ ቁጥር ከሥሩ ውሃ ይወጣል፣ ጨርቁ ይጠጣል፣ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ታነሣዋለች፣ ትጨምቀዋለች፣ መልሳ ታነጥፈዋለች። ከሳምንት በኋላ ጨርቁ የቤት ዕቃ ይሆናል። ከወር በኋላ ማሽኑ ማፍሰሱ እንደ ችግር መቆጠሩ ይቀራል፤ "እሱ እኮ እንደዚያ ነው" ይባላል። ከዓመት በኋላ "አርጅቷል" ይባልና ወይ ይጣላል፣ ወይ በረንዳ ላይ ወጥቶ የሽንኩርት መደርደሪያ ይሆናል።

እኔ የምለው አጭር ነው። ያ ማሽን የተጣለው ስላረጀ አይደለም። የተጣለው፣ ስለ ማሽኑ የሚወስነው ሰውና ጨርቁን የሚጨምቀው ሰው አንድ ስላልሆኑ ነው።

"አገሩ እንዲህ ሆኖ፣ ኑሮው እንዲህ ሆኖ፣ ስለሚያፈስ ማሽን ይጻፋል ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ይጻፋል። ስለ ትልልቁ ነገር ስንጽፍ ኖረናል፤ አገር ሲያፈስ ያልጮኸ የለም። የገዛ ቤታችን ወለል ላይ ስለሚፈሰው ግን ዝም እንላለን። ምክንያቱም እዚያ ላይ የሚወቀስ መንግሥት የለም፣ የሚጠቀስ ታሪክም የለም። እዚያ ላይ ሥልጣኑ የእኛ ነው። ካቻቢቴውም መሳቢያ ውስጥ አለ።

ማን ይወለውላል?

ነገሩን ከወለሉ እንጀምር፤ ውሃው ያለው እዚያ ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ተብሎ የታሰበ ማዕዘን የላቸውም። ስለዚህ ማሽኑ እንዳልተጠበቀ እንግዳ በተገኘበት ይቆማል፦ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ወጥ ቤት በር ላይ፣ ጠባቡ በረንዳ ላይ። የቆሻሻ ውሃ ቱቦው ወለሉ ላይ ይጣላል ወይም ሽንት ቤት መቀመጫው ላይ ይንጠለጠላል። መብራቱ ደግሞ ከሌላ ክፍል በኤክስቴንሽን ይመጣል፤ ኤክስቴንሽኑም መሬት ላይ ይተኛል። ውሃ የሚሄደው ዝቅ ወዳለው ቦታ ነው። ኤክስቴንሽኑ የተኛውም እዚያው ነው።

አሁን ሥዕሉን ሙሉ አድርጉት። ማሽኑ እየዞረ ነው፤ ከሥሩ ውሃ መጥቷል፤ ጨርቁ ጠግቧል። አንዲት ልጅ ባዶ እግሯን ወይም በእርጥብ ነጠላ ጫማ ትመጣለች፣ አንድ እጇን የማሽኑ ብረት ላይ ደገፍ አድርጋ በሌላው ጨርቁን ትስባለች። ቤቱ ኧርዝ ከሌለው፣ ወይም ኤክስቴንሽኑ ኧርዝ የማያስተላልፍ ርካሽ ዓይነት ከሆነ፣ በዚያ ብረትና በዚያች ልጅ መካከል የቆመው ዕድል ብቻ ሊሆን ይችላል። "ትንሽ ይነዝራል" ሲባል ስንት ቤት ሰምታችኋል? እንደ ማሽኑ ጠባይ አድርገን እኮ ነው የምናወራው! ጤነኛ ማሽን አይነዝርም። የሚነዝር ማሽን እያስጠነቀቀ ነው።

የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ግን ከአዋጁ ወሰን ውጭ ነው፤ ይኸውም የቤት ሠራተኛዋ ማለት ነው። ፋብሪካ ወለል ላይ ቢገኝ ጥፋት የሚባለው እርጥብ ገመድ፣ እኛ ቤት ውስጥ ልማድ ነው። ሕጉ ደጃፋችን ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ያለው ለኅሊናችን የተተወ ነው፤ ኅሊናችን ደግሞ ጨርቅ አንጥፎ ተኝቷል።

ሠራተኛ በሌለበት ቤትም ብዙ አይለይም፤ ጨርቁ ወደ ሚስት፣ ወደ እናት፣ ወደ ትልቋ ልጅ ይዞራል። የቤቱ አባት ማሽኑ ማፍሰሱን ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን እንደ ዜና ነው። ካልሲው ረጥቦ አያውቅም። ሁልጊዜ አባት ነው እያልኩም አይደለም፤ ሶፋ ላይ ሆነው "ነይ ጨርቁን አንሺው" የሚሉ እመቤቶችም ሞልተዋል። ነገሩ ወንድና ሴት ብቻ አይደለም። እርጥበቱ የሚደርሰው አንዱ ዘንድ ነው፤ ገንዘቡ ያለው ሌላው ዘንድ።

ከታች ያለው ጎረቤትም አለ። የእሱ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ካርታ እየተሳለ ነው። መጀመሪያ በትሕትና ያንኳኳል። ቀጥሎ ሰላምታው ይቀንሳል። ከዚያ የሕንፃው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ይናገራል። ለቅሶ አብሮ የተቀመጠን፣ ቡና አብሮ የጠጣን ሰው፣ ከጣት ቀለበት ብዙም የማትበልጥ ጎማ ታቀያይመዋለች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሕዝብ ነን፤ ቅጠሉን የሚያመጣው ግን ጠፋ።

አርጅቷል? ምኑ?

"አርጅቷል" ሲባል እስቲ ምኑ ነው ያረጀው? ማሽን ሁለመናው በአንድ ቀን አያረጅም። ሞተር አለው፣ ከበሮ አለው፣ ፓምፕ አለው፣ ውሃ የሚያስገቡና የሚያስወጡ ጎማዎች አሉት፣ የጎማዎቹን ጫፍ አንቀው የሚይዙ ፋሼታዎች አሉት። ሞተሩ ገና ጎልማሳ ሆኖ ጎማው ይሸብታል። ጎማ በሙቅ ውሃና በሳሙና ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ለዚህም ነው የሚቀየር ሆኖ የተሠራው። የጫማው ክር ስለተበጠሰ ጫማውን የሚወረውር ሰው ብናይ እንስቅበት ነበር። ማሽን ላይ ስናደርገው ግን "ዘመናዊነት" ይባላል።

ደግሞ ማሽኑ የታመመበትን ቦታ ራሱ ይናገራል። የሚፈልገው ዓይንና ትዕግሥት ነው። ጨርቁን አንሡት። ጨርቁ ውሃውን ብቻ ሳይሆን መረጃውንም ነው የሚጠጣው። ወለሉን አድርቁና ደረቅ ካርቶን አንጥፉ፤ ከዚያ በርጩማ ስባችሁ አንድ እጥበት ሙሉ ተቀመጡ። ጥያቄው "ያፈሳል ወይ?" አይደለም፤ እሱንማ እናውቃለን። ጥያቄው "መቼ ያፈሳል?" ነው።

ማሽኑ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይነካው ሥሩ ከረጠበ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃ የሚያስገባው ቱቦ ነው፤ ሁልጊዜ ግፊት ያለበት እሱ ነውና። ቱቦው ከቧንቧው ጋር በሚገናኝበት ዳዶ ውስጥ አንዲት ጠፍጣፋ የጎማ ቀለበት አለች። እሷ ስትደርቅ ሰዉ ምን ያደርጋል? ዳዶውን በፒንሳ ያንቀዋል፣ ቴፍሎን ይጠቀልልበታል። እዚህ ቦታ ላይ ውሃውን የሚያቆመው ግን ጥርሱ ላይ የተጠቀለለው ቴፍሎን ሳይሆን ያቺ ቀለበት ናት። ቀለበቷን ቀይሮ፣ በእጅ አጥብቆ፣ ትንሽ ብቻ መጨመር ነገሩን ይጨርሰዋል። የከተማችን ቧንቧ የሚኖረው በፈረቃ ነው፤ ውሃው ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ ያመጣል፣ ቀጥሎ በኃይል ይደርሳል። ያቺ ቀለበት ይህን ሁሉ ተቀብላ ነው የወደቀችው። እና አርጅታለች እንበላት?

ውሃ በሚያስገባበት ሰዓት ከፊት ለፊት ካፈሰሰ የሳሙናውን መሳቢያ አውጥታችሁ እዩ። የደረቀ ዱቄት ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ውሃው መንገድ አጥቶ ይሆናል። መድኃኒቱ ሙቅ ውሃና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ነው።

እያጠበ ሳለ በበሩ በኩል ካፈሰሰ የበሩን ጎማ እጥፋት ገለጥ አድርጉ። ሳንቲም፣ የፀጉር መርፌ፣ ከጡት መያዣ የወጣ ሽቦ፣ የጋቢ ክር፣ ምኑ ቅጡ! ቆሻሻ ብቻ ከሆነ ይጠረጋል፤ የበሩ መስተዋት ዙሪያም አብሮ ይወለወላል። ጎማው ከተቀደደ ደግሞ ይቀየራል። "ሲልከን እንለጥፍበት" የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ ነገር ግን ያ ጎማ ከበሮው በተንቀጠቀጠ ቁጥር አብሮ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ነው። የተለጠፈው ሲልከን ጥቂት እጥበት ይቆይና ይላቀቃል። ያኔ "ሞከርነው፣ አልሆነም" ለማለት ምክንያት ይገኛል።

ቀዳዳ ሳይኖረውም የሚያፈስ ማሽን አለ፤ ጥፋቱ አረፋ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ብዙው ዱቄት ሳሙና ለእጅ እጥበት የተሠራ ነው፤ አረፋው ይበዛል። በፊት በኩል የሚከፈተው ማሽን ግን አረፋ አይወድም። አረፋው ከበሮውን ሞልቶ በመሳቢያው፣ በበሩ ጥግ ይወጣና ወለል ላይ ወርዶ ውሃ ይሆናል። ጥገናው ምንድነው? ማንኪያ! ሳሙናውን መቀነስ፣ ከተቻለም ለማሽን ተብሎ የተዘጋጀውን መግዛት። ስንቱ ማሽን ይሆን በአረፋ ጦስ "አርጅቷል" ተብሎ የተሸኘው?

ውሃ ሲያስወጣ ከሥሩ ካፈሰሰ ከታች በፊት በኩል ያለችውን ትንሽ በር ክፈቱ። የማጣሪያው ክዳን ከጸዳ በኋላ በትክክል ሳይጠብቅ ቀርቶ ይሆናል። እሱ ደህና ከሆነ ወደ ፓምፑ የሚመጣው ጎማና ፋሼታው ይታያሉ።

እኛ ቤት ያለው ማሽን 14 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ማፍሰስ ሲጀምር ምርመራው አንድ እጥበት ፈጀ፣ ጥገናው ሃያ ደቂቃ። ከሳሙናው መሳቢያ ወደ ታች የሚወርደው ጎማ ፋሼታው ዝጎ ላልቶ ነበር። የአዲሱ ፋሼታ ዋጋ ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ዘመዶቻችን ከሳሎን ሳይነሡ፣ ማሽኑን በዓይናቸው ሳያዩ፣ "ጣሉት፣ በቃው" ብለው ፈርደውበት ነበር። ሳይጠየቅ፣ ሳይመረመር ሞት የሚፈረድበት ተከሳሽ እንደ ቤት ዕቃ የለም።

ፋብሪካ ውስጥ የተወሰነ እርጅና

ማሽን አይሞትም አልልም። ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን የሚያጓራ፣ ከኋላው የዝገት መልክ ያለው ውሃ የሚያወርድ ከሆነ፣ ከበሮውን የተሸከመው ኩሽኔታና ከፊቱ ያለው ውሃ ከልካይ ጎማ አልቀዋል ማለት ነው። ይህ የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አይደለም፤ ማሽኑ እስከ አንጀቱ ይፈታል። ቢሆንም በብዙዎቹ የቆዩ ማሽኖች ይቻል ነበር። የከበሮው ማቀፊያ በብሎን የተገጣጠመ ስለነበር ይከፈታል፣ የበላው ኩሽኔታ ይወጣል፣ አዲስ ይገባል። ዛሬ ከሚመረቱት በርካቶቹ ግን ማቀፊያቸው ሁለት የፕላስቲክ ግማሾች ተጣብቀው የታሸጉበት ነው። አንዲት ኩሽኔታ ለመቀየር ሙሉውን ማቀፊያ ግዙ ትባላላችሁ። ይህን እርጅና ብሎ መጥራት ለአምራቹ መዋሸት ነው። ማሽኑ ገና ሳይወለድ ስዕል ላይ የተወሰነ የመሞቻ ቀን ነው።

አውሮፓውያን ይህን አይተው ሕግ አወጡበት። እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚያቀርብ አምራች፣ የሞዴሉ የመጨረሻ ማሽን ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ቢያንስ ለ10 ዓመት መለዋወጫ ማቅረብ አለበት። የታዘዘው ዕቃ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መድረስ አለበት። ፓምፑንና ቱቦዎቹን የመሳሰሉት ለጥገና ባለሙያ ይቀርባሉ። የበሩ ጎማ፣ የበሩ መቆለፊያና የሳሙናው መሳቢያ ደግሞ ለባለሙያ ብቻ ሳይሆን ለተራው ተጠቃሚም መቅረብ አለባቸው። ልብ በሉ፤ ሕጉ ራሱ የበር ጎማ መቀየር ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው ብሎ ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የጥገና መብትን የሚያጠናክር ሌላ መመሪያ ጨመሩበት።

እኛ ጋስ? ማሽኑ እዚህም ሪባን ታስሮለት ይሸጣል፤ የዋስትና ወረቀቱም አብሮ ይሰጣል። ጊዜው አልፎ የበር ጎማ ፍለጋ ስትሄዱ ግን "እናቴ፣ ይሄ ሞዴል ቆሟል እኮ፤ አዲሱን ላሳይዎት?" ትባላላችሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ማሽን የሚያስመጣ ነጋዴ ለአንድ ካርቶን የበር ጎማ ቦታ አጣ ማለት ነው? ቦታውስ አላጣም። ጎማው ከመጣ ማሽኑ ይድናል፣ ማሽኑ ከዳነ አዲሱ አይሸጥም። ሞተር ከውጭ ሲገባ ቀረጡን የሚቆጥር መንግሥት፣ መለዋወጫው አብሮ መምጣቱንም መቁጠር ይችላል። ይህን ለመጠየቅ ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም። እንዲያውም ድሃ አገር ነው ይበልጥ መጠየቅ ያለበት።

ለጊዜው ክፍተቱን የሞላልን መርካቶ ነው፤ በተለይም ምናለሽ ተራ። ቆራሌው ከየደጃፉ የሰበሰበው ሬሳ እዚያ ይፈታል፤ የሞተው ማሽን ፓምፕ ለታመመው ይተርፋል፣ የአንዱ በር ለሌላው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመንጭታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በዚህ ዓለም ውስጥ የምናለሽ ተራ ሰው ኋላ ቀር ነው ወይስ ቀድሞ የሄደ? እኛ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈውን ሥራ ሌሎች በስብሰባ አዳራሽ እየተማማሉበት ነው።

"ባለሙያ ይምጣ"

ይህ አባባል ከልብ ሲሆን ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን "ይደር" ማለት ነው። ስለዚህ ድንበሩን እናስምረው። መሰኪያውን ነቅሎ፣ ቧንቧውን ዘግቶ፣ የቀረውን ውሃ በማጣሪያው በኩል አውጥቶ፣ ቀለበት፣ ቱቦ፣ ፋሼታ፣ መሳቢያ፣ ማጣሪያና የበር ጎማ ማየት ጤነኛ አዋቂ ሰው ሁሉ የሚችለው ሥራ ነው። ማሽኑን ብቻችሁን አታጋድሙት፤ ውስጡ የኮንክሪት ክብደት የታሰረበት ከ60 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ ነው። የውሃ ማሞቂያው፣ ሞተሩ፣ ቦርዱ፣ የሚነዝር ብረት ደግሞ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ድርሻ ናቸው። እዚያ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም። ከድንበሩ ወዲህ ያለውን ግን "ባለሙያ ይምጣ" እያሉ ስድስት ወር ጨርቅ ማስጨመቅ ጥንቃቄ ሳይሆን ስንፍና ነው።

ባለሙያውም ቢሆን ከትችት አያመልጥም። ለሚያፈስ ማሽን ተጠርቶ መጥቶ "ቦርዱ ነው" የሚል አለ። ቦርድ ውሃ አይቋጥር! ግን ለምን እንዲህ እንደሚል ጠይቀን እናውቃለን? ለዓይኑ ስለማንከፍለው ነው። ሰውየው ከሩቅ ሰፈር በሁለት ታክሲ መጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ በባትሪ መብራት አይቶ፣ "ፋሼታ ነው የላላው" ብሎ ቢያጠብቅልን፣ "እንዴ! ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የምትጠይቀው?" እንለዋለን። ከባድ ዕቃ ቀየርኩ ካለን ግን ቅር ሳይለን እንከፍላለን። እውነት የተናገረውን እየቀጣን፣ የዋሸውን እየሸለምን፣ "ታማኝ ባለሙያ ጠፋ" ብለን እናማርራለን። ማየት ሥራ ነው። ማወቅ ሥራ ነው። ክፈሉት።

ንቀቱ እኮ አሮጌ ነው። ባለሙያን በሙያው የሚሳደብ ሰው በመብዛቱ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስድቡን የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ነበረባቸው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ቀረ እንበል፣ መጠየፉ ግን ልብስ ቀይሮ ተቀምጧል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ፋሼታ፣ ኩሽኔታ፦ እነዚህን ቃላት ከጣሊያንኛ ወስደን የራሳችን ያደረጋቸው ጋራዥ ውስጥ የዋለው እጅ ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው አይደለም። ግድግዳው ላይ ዲግሪ የሰቀለ ሰው የማጣሪያ ክዳን ወደ የት እንደሚዞር ባያውቅ አያፍርም። እንዲያውም አለማወቁን እንደ ማዕረግ ይቆጥረዋል።

ከዚህ የባሰም አለ። ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ለዓመታት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት በየሰፈሩ አለች። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ማሽን ስትጭንና ስታራግፍ ኖራለች። ድምፁን ትለያለች፣ የትኛው ጨርቅ ማጣሪያ እንደሚዘጋ ታውቃለች፣ ምን ያህል ሳሙና እንደሚበቃ እጇ መዝኖታል። አሁን እዚህ ቤት ጨርቁን የምትጨምቀው ምናልባት እሷ ናት። ማሽኑ ሲያፈስ የሚጠየቀው ግን የባልየው የቢሮ ጓደኛ ነው። እሷን ማን ጠየቃት?

አዲስ ሲገዛ የሚገዛው

"አዲስ መግዛት ይሻላል" የሚለው ምክር ገንዘብ ላለው እንኳ ቀሎ አይታይም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይህን ይሸከማል። ስለዚህ ብዙ ቤት ውስጥ የሆነው እንዲህ ነው፦ አሮጌው "ጣሉት" ተባለ፤ አዲሱ "ከደሞዝ በኋላ" ተባለ፤ ከዚያ "ለበዓል" ተባለ፤ ከዚያ ዝም ተባለ። የተጣለው ማሽን ምትክ አዲስ ማሽን አልሆነም። የሰው ክንድ ነው የሆነው።

ይህን ክንድ እንቁጠረው። ማሽኑ ለአንድ እጥበት እንደ ዓይነቱና እንደ መጠኑ 50 ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃዋል። ያንኑ ልብስ በእጅ ስናጥበው አንዴ ለማሸት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ለማለቅለቅ ሳፋ ይሞላል፣ ይደፋል። ፈረቃው ያለፈበት ቀን ከሆነ ውሃው በ20 ሊትር ጄሪካን ደረጃ ይወጣል። ጂንስ አለ፣ አንሶላ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ። ውሃ የጠጣ ጋቢ ጠምዝዛችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ያለችው ግን አንድ ናት። በረኪና የበላው ጣት፣ ለሌሊት የሚቀር የወገብ ሕመም፣ ሳያነቡ የመሸ እሑድ፣ ማታ ትምህርት ቤት "ዛሬ አልሄድኩም" የምትል ልጅ፤ ይህ ሁሉ የፋሼታው ዋጋ ነው። እኛ አልከፈልነውም እንጂ ተከፍሏል።

ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ሮዝሊንግ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ባደረገው የታወቀ ንግግር የተናገረው ይህንኑ ነበር፤ ማሽኑ ቤታቸው ሲገባ እናቱ ልጇን ቤተ መጻሕፍት የምትወስድበት ጊዜ አገኘች። ማሽን ልብስ ብቻ አያጥብም፤ ሰዓት ያወጣል። ታዲያ የሚያፈስን ማሽን መጣል ብረት መጣል ብቻ ነው? የአንድን ሰው ሰዓት ነው የምንጥለው። እሱም የእኛ ሰዓት አይደለም።

"ይህ የደላው ሰው ጉዳይ ነው፤ ከስንት ቤት ማሽን ያለው ስንቱ ነው?" ለሚለኝ፣ እውነት ነው እለዋለሁ። አብዛኛው የአገሬ ሰው ልብሱን የሚያጥበው በእጁ፣ ወንዝ ዳር ወይም ሳፋ ላይ ነው። ክርክሬ የሚጠነክረውም በዚህ ነው። አብዛኛው ሰው ያላገኘውን ዕቃ ያገኘ ሰው ከማንም በላይ ሊጠነቀቅለት ይገባል። አንድ ጊዜ የሰውን ክንድ አሳርፎ፣ በጎማ ቀለበት ስንፍና መልሶ ወደ ሳፋው መጎተት ድህነት አይደለም። ድህነትማ ቢሆን ማሽኑ አይጣልም ነበር፤ ድሃ አይጥልም።

ስለዚህ አንድ ደንብ ላቅርብ፤ አዋጅም በጀትም አያስፈልገውም። ከዛሬ ጀምሮ በየቤቱ ማሽኑ "አርጅቷል" ወይም "አላረጀም" ብሎ የሚፈርደው ጨርቁን የሚጨምቀው ሰው ይሁን። "እኔ ነኝ የምወስነው" የሚል ካለ ይወስን፤ ግን በቅድሚያ ኤክስቴንሽኑን ከወለሉ አንሥቶ፣ ነጠላ ጫማውን አድርጎ፣ ለአንድ ወር ጨርቁን እሱ ይጭመቅ። ወሩ ሳይሞላ ካቻቢቴው ከመሳቢያው ይወጣል።